ወንድም ኤበርቪን ለማን ብሎ ካደ

የተከበራችሁ የሮዘንቬርት ሰዎች፤ እኅቶቼ፤ ጀልባችሁን ዳር አስይዛችሁ የመጣችሁ የወንዝ ሰዎች፤ ሸማኔዎች፤ ከለምጻሞች ቤት እየተደጋገፋችሁ የደረሳችሁ ወዳጆቹ፤ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። እናንተም ጌቶች፣ እዚያ አጥሩ ጋ ቆማችሁ ወደ ውስጥ ለመግባት እግራችሁ ያልታዘዘላችሁ፣ እናንተም እንኳን መጣችሁ። ቅረቡ አልላችሁም። ድምፄ ከደረሳችሁ ይበቃል። ካልደረሳችሁ ከፍ አደርገዋለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ ኢርመንጋርት እባላለሁ። እስካለፈው መከር ድረስ የበግ በር በሚባለው የከተማው በር አጠገብ የነበረው የእኅቶች ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሱፍ ስንፈትል፣ በሽተኛ ስናስታምም፣ ሬሳችሁን ስናጥብላችሁ የኖርን ሴቶች ነን። ዛሬም ሬሳ አጥበን ነው የመጣነው።

ሴት መቃብር ላይ ቆማ ስትናገር አይታችሁ አታውቁም። እኔም አይቼ አላውቅም። ግን ማን ይናገርለት? የገዳሙ አለቃ ትናንት ሰው ልከውብን ነበር። "ከወንድሞች መካከል በዚህ ሰው ላይ ቃል የሚናገር የለም፤ ደወልም አይደወልም፤ በገዳሙም ግቢ ቦታ የለውም" አሉ። ወደ ካህኑ ሄድን። "ጉሮሮዬን ይዞኛል" አለ። ወደ መቃብር ቆፋሪው ሄድን። "አካፋዬ ተሰብሯል" አለ። ይገርማችኋል፣ ሁሉም ባንድ ቀን ታመሙ። አካፋው ሳይቀር ታመመ።

ስለዚህ እኔ እናገራለሁ። ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ስም የለሽ መንገደኛ በሚቀበርበት በዚህ መስክ ላይ፣ የራይንን ወንዝ ሁለት ዳር በስብከቱ ያስለቀሰውን ሰው አፈር ልናለብሰው ቆመናል። የአንድ ሰው መጨረሻ እንዲህ ነው እንዴ? እናንተ ፍረዱ።

ይህን ሰው እናውቀዋለን ትላላችሁ። ታውቁታላችሁ?

አባቱ ከወንዙ ሽቅብ የሰው ወይን ተክል ጠባቂ ነበር። ልጁ ወይን ሲገርዝ "ለምን ይሄኛው ይቆረጣል? ለምን ያኛው አይሆንም?" እያለ ሥራ ያስፈታዋል። አባትየው ሲመረው "አንተን የሚችሉህ መነኮሳት ብቻ ናቸው" ብሎ ለገዳም ሰጠው። ይህን ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። ገዳሙም ፓሪስ ልኮ አስተማረው። ተመልሶ ሲመጣ የመምህርነት ወንበር ይጠብቀዋል ተብሎ ነበር። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ለምን? ጠያቂነቱ አልለቀቀውማ! ፓሪስም አላስተወውም። እንግዲያው ምን እናድርገው ሲሉ ወደ እኛ ላኩት። ለሱፍ ፈታይ ሴቶች ይስበክ አሉ። በእነሱ ቤት እሱን መቅጣታቸው ነበር።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል። ካባው ገና አዲስ ነው። የወረዛ ጫማውን ደጃፍ ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ ቆመና ሰበከን። ግማሹ ላቲን ነው፣ ግማሹ ደግሞ ላቲን የሚመስል የእኛ ቋንቋ ነው። እንዝርታችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን በጨዋ ደንብ ሰማነው። ሲጨርስ እኅት ዩታ ቀና አለች። ዩታን ታስታውሷታላችሁ፣ ዓይኗ የጠፋው አሮጊት፣ ግማሽ ከተማ ያዋለደችው።

"ልጄ" አለችው፣ "ድምፅህ ደስ ይላል። ምን እንዳልክ ግን የምታውቁት አንተና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ።"

እኛ ደነገጥን። እሱ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እናቴ፣ እርስዎ በምን ቋንቋ ነው የሚጸልዩት?"

"በምን ልጸልይ ኖሯል? እናቴ በቆጣችኝ ቋንቋ ነዋ!"

ሳቀ። ኤበርቪን ሲስቅ መላ ሰውነቱ ነበር የሚስቀው። ያን ቀን ትቶት የሄደው ላቲን ዳግመኛ ቤታችን አልገባም። ከዚያ በኋላ የሰማችሁት ስብከት ሁሉ፣ ያለቀሳችሁበት፣ ልጆቻችሁን ተሸክማችሁ የመጣችሁበት፣ በዩታ ቋንቋ የተሰበከ ነው።

ደግሞ ያንን የጾም መግቢያ እሑድ እናስታውስ። አብዛኞቻችሁ እዚያው ነበራችሁ። ዓሣ ሻጯ ዲሙት፣ ይኸው እዚህ ቆማለች፣ ባሏ ከታችኛው ኬላ አጠገብ ጀልባው ተገልብጦበት የሞተባት ዓመት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ዲሙት ከመካከል ተነሣች። የዲሙትን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ ገበያ ውስጥ የለመደ ድምፅ ነው።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባሌ ሳይናዘዝ ነው የሰመጠው። ለነፍሱ ቅዳሴ የሚያስቀድሱለት፣ ሻማ የሚያበሩለት ቶሎ ከእሳት ይወጣል ብለውኛል። እኔ ሻማ የለኝም። የተረፈኝ መረብና የዓሣ ቅርፊት ነው። እንግዲህ ባሌ ሻማ በማጣቴ እዚያው ሊቀር ነው?"

ከፊት የተቀመጡት የካቴድራሉ ጌቶች ዘወር ብለው አዩአት። እኔም በልቤ ይህቺ ሴት አበቃላት አልኩ።

ኤበርቪን ከመስበኪያው ላይ ጎንበስ አለ። "ዲሙት" አላት፣ "ከዚህ እስከ ባሕር ድረስ በዚህ ወንዝ ላይ ስንት ኬላ አለ?"

ከኋላ አንዱ ጀልባ ቀዛፊ "ኧረ ስንቱ ተቆጥሮ!" ብሎ ጮኸ።

"እግዚአብሔር የራይን ቀራጭ አይደለም" አለ ኤበርቪን። "ባልሽ ኬላ አልፎ አይደለም ወደሱ የሄደው። ወድቆ ነው የሄደው። የሚወድቅን ሰው ደግሞ እጁን ዘርግቶ የሚቀበል እንጂ እጁን ዘርግቶ የሚጠይቅ አምላክ አላውቅም።"

ያኔ የወንዝ ሰዎች ሳቃችሁ። ጮክ ብላችሁ ሳቃችሁ። ዲሙት አልሳቀችም፤ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከፊት ወንበር የተቀመጡትም አልሳቁም። ኬላው የማን ነበር? ቀረጡስ ወደ ማን ሣጥን ነበር የሚገባው? ታውቃላችሁ። እኔ ልናገረው አያስፈልግም።

መጽሐፉን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኛ ነው የጻፈው። ዩታ "አንተ ከሄድክ በኋላ ያልከው ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ጽፈህ ተውልኝና ያነብቡልኝ" ብትለው ነው። "የባዶ እጅ መጽሐፍ" አለው። ጌቶች፣ ያንን መጽሐፍ አቃጥላችሁታል፤ አንብባችሁት ግን ታውቃላችሁ? እኔ እያንዳንዱን ገጽ በእጄ ገልብጬዋለሁና በቃሌ ልበልላችሁ።

"የጨበጠ እጅ ለመቀበል ቦታ የለውም። ኃጢአትህን ብቻ አይደለም፣ ጽድቅህንም ጨብጠህ አትቁም" ይላል። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ፣ "ስትጸልይ የምትፈልገውን ለእግዚአብሔር አትዘርዝርለት። ዝም በልና እሱ የሚፈልገውን ይንገርህ። ምናልባት የሚፈልገው አንተ ለአንድ አፍታ ዝም እንድትል ብቻ ይሆናል" ይላል። ዩታ ይቺን ስናነብላት ትስቅ ነበር። "ይሄ ለኢርመንጋርት የተጻፈ ነው" ትላለች።

በዚህ ውስጥ መርዙ የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳዩኝ!

መርዙን ያገኘው ዚገቦት ነው። ወንድም ዚገቦት። የኤበርቪን ተማሪ ነበር። ንዳድ ይዞት ሊሞት ሲል ኤበርቪን ነው አንገቱን ደግፎ ሾርባ ያጠጣው። ዳነ። ድኖም የመምህሩን መጽሐፍ ተቀመጠና በመቀስ እንደሚቆረጥ ጨርቅ ቆራረጠው። ከዚህ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ግማሽ ዓረፍተ ነገር። ቁርጥራጩን ወደ ላቲን መለሰና ለጳጳሱ ዳኞች አቀረበ። ዛሬ መምህሩ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ እሱ ተቀምጧል። ዚገቦት፣ ቆብህን ብትደፋም አውቅሃለሁ። እዚያ ሁለተኛው አንተ ነህ።

ለምስክርነት ተጠርቼ ስለነበር ችሎቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"'እግዚአብሔር ቀራጭ አይደለም' ብለሃል?" አሉት።

"ብያለሁ።"

"ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው መባ ቀረጥ ነው ማለትህ ነው?"

"እኔ የተናገርኩት ስለ እግዚአብሔር ነው። እናንተ ስለ ራሳችሁ መስሏችሁ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?"

"'ባዶ የሆነች ነፍስ መሪ አያስፈልጋትም' ብለህ ጽፈሃል?"

"'መሪዋ ውስጧ ገብቷልና ሌላ መሪ ፍለጋ አትንከራተትም' ብዬ ነው የጻፍኩት። ግማሹን የት ጣላችሁት?" አለና ዚገቦትን አየው። ተቆጥቶ አይደለም ያየው። ተማሪው ትምህርቱን ሲሳሳት እንደሚያይ መምህር ነው ያየው። ዚገቦት መሬት መሬት አየ።

አሁን ወደምታውቁት ነገር ልምጣ። ኤበርቪን ካደ። እናንተ የምታውቁት ይህን ነው። በካቴድራሉ ውስጥ ቆሞ መጽሐፉን ካደ። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል። ያላያችሁት ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ስሙኝ።

ችሎቱ ለዕረፍት ሲነሣ ከዳኞቹ አንደኛው እኔንና እሱን ወደ ጓዳ ጠሩን። ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር እንኳ ሰጡኝ። እሳቱ ላይ እጃቸውን እያሞቁ እንዲህ አሉት፦ "ወንድም ኤበርቪን፣ አንተ ብትክድ ጥፋተኛው መጽሐፉ ብቻ ይሆናል። ካልካድክ ግን ማን ገለበጠው፣ ማን አነበበው፣ ማን አሰራጨው መባሉ አይቀርም። የእነዚህ ሴቶች ቤት ደግሞ ደንብ የለው፣ መሐላ የለው። ቢዘጋ የሚከራከርለት የለም።" ከዚያ ወደ መስኮቱ አዩና፣ "ዘንድሮ ቅዝቃዜው ክፉ ነው" አሉ። ይቺን ብለው ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። "አትካድ" አልኩት። "በእኛ ምክንያት እንዳትክድ። እግር አለን፤ እንሄዳለን።"

"ዩታ እግር አላት?"

ዩታ ከአልጋዋ መውረድ ካቆመች ቆይታለች።

"ኢርመንጋርት፣ መጽሐፍ እኮ ነው" አለኝ። "የጥጃ ቆዳና ቀለም ነው። ዩታ ግን ሰው ናት።"

"ሰዉ ይጠላሃል።"

"ይጠላኛል፤ አዎ።"

"እንግዲያው ለምን እንደካድክ እኔ ልንገራቸው።"

"እንዳታደርጊው! ለእኔ ሲል ተዋረደ ብላ ዩታ ከዚያ ወዲያ እህል በጉሮሮዋ ይወርዳል? ሌሎቹስ ቀና ብለው ይሄዳሉ? እኔ በሕይወት እያለሁ ለማንም አትተነፍሺም። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁ። ዓይኔ እያየ ያን ሁሉ ስድብ ሲጠጣ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። እንግዲህ ኤበርቪን ሞቷል። ቃሌም አብሮት አብቅቷል። ለማን ብሎ እንደካደ ይኸው ሰማችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመናቸው። "የጻፍኩት በሕዝቡ ቋንቋ ነው፤ የምክደውም በሕዝቡ ቋንቋ ይሁን" አላቸው። ተንሾካሾኩ። አይሆንም አሉት። ለምን መሰላችሁ? የተከሰሰበትን ዓረፍተ ነገር በእኛ ቋንቋ ሊክደው በእኛ ቋንቋ መድገም አለበታ! ሕዝቡ ዳግመኛ ሊሰማው ነው። ስለዚህ በላቲን አስነበቡት። እናንተ እየተገፋፋችሁ "ምን አለ? ምን አለ?" ትባባላላችሁ። በመጨረሻ አዋጅ ነጋሪው ወጣና "ካደ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ንባብ ውስጥ ለእናንተ የደረሳችሁ ይህች አንዲት ቃል ናት። እሷንም የተናገረው ኤበርቪን አልነበረም።

ከዚያ ወደ ዓሣ ገበያው ወሰዱት። እሳት ተለኩሷል። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጠል በገዛ እጁ እንዲጥል አደረጉት። ጣለ። ብራና ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ያን ጊዜ ዲሙት የዓሣ አንጀት ከገንዳዋ ዘግና ፊቱ ላይ ወረወረችበት።

"አንተ!" አለችው። አንተ ነው ያለችው። "ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ ያሰጠምከው አንተ ነህ!"

ጠረገው። አንድ ቃል አልመለሰላትም። ይቅር በይኝ እንኳ አላላትም፤ ይቅርታ ከጠየቀ ለምን ብላ ትጠይቀዋለችና።

ዲሙት፣ አታልቅሺ። ወይም አልቅሺ፤ ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም። አንቺ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የወረወርሽው። ሌሎቻችሁ ምን አደረጋችሁ? መስበክና መጻፍ ተከልክሎ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የለምጻሞች ቤት ቆሻሻ ሊያመላልስ ሲላክ፣ ሃርትሙት፣ አንተ በጀልባህ አላሻግርም አልከው። "ለከሃዲ የሚሆን ቦታ የለኝም፤ ጀልባዬ ትሰምጥብኛለች" አልከው። ሰዉም ሳቀልህ። በዝናብ እስከ ድልድዩ ድረስ ዞሮ በእግሩ ሄደ። ሃርትሙት፣ ቀና በል። ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። አይ፣ ለምን እዋሻለሁ? ላሳፍርህ ብዬ ነው።

የለምጻሞች ቤት ሰዎች ብቻ ናችሁ ያላሳፈራችሁት። ማንጎልድ፣ ይኸው ከፊት አለህ፤ ያልከውን ልንገርብህ። ኤበርቪን ቁስሉን ሲያጥብለት ማንጎልድ "ወንድም፣ እስቲ ስበክልን" ይለዋል።

"ተከልክያለሁ።"

"እኛም እኮ ከሰው ጋር እንዳንነጋገር ተከልክለናል። የተከለከለ ከተከለከለ ጋር ቢያወራ ማን ይከሰሳል?"

ያን ጊዜ ሳቀ። ከክህደቱ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያን ቀን ነው ብሎኛል ማንጎልድ። ሰበከላቸው። ጣት በሌላቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ ስለ ባዶ እጅ ሰበከላቸው። ከዚያ በላይ ነገሩ የገባው ጉባኤ አጋጥሞት አያውቅም ነበር።

ዩታ እሱ በካደ በመጀመሪያው ክረምት ሞተች። በአልጋዋ ላይ፣ እሳት እየነደደ፣ እጇን ይዘንላት ሞተች። ስለ ኤበርቪን ስትጠይቀኝ "ሩቅ አገር ሊያስተምር ልከውታል" እላት ነበር። "ጎሽ፣ እዚያ ያሉትም ሴቶች ይስሙት" ትል ነበር። የካደበት ዋጋ ይህ ነው። አንዲት አሮጊት ሳይበርዳት ሞተች። ለእሱ ግን በቂው ነበር።

ለእነሱ ግን አልበቃቸውም። ባለፈው መከር ያው ጨዋ ዳኛ መጡ። ቤቱ እንዲዘጋ ተወስኗል አሉ። "ጌታዬ፣ እሱ ከካደ አይነካም ብለው ነበር እኮ" አልኳቸው። "እንዲህ ያለ ቃል ስለመግባቴ ምስክር አለሽ?" አሉኝ። ምስክር! ከእሱ በቀር ማን ነበር? የከሃዲ ምስክርነት ደግሞ አይቆጠርም። ብልህ ናቸው። በልባቸው የታሰበው ከመጀመሪያው ይኸው ነበር። አውጥተው ጣሉን። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ከኬላ የመጣ የወይን ጠጅ በርሜል ነው የሚኖርበት። ለበርሜሉ እሳት ያነድዱለታል ይባላል፤ ወይኑን ብርድ እንዳይመታው።

ይህን ኤበርቪን ሰማ። በገበያ ቀን ተነሥቶ በዚያው ድልድይ ዞሮ መጣ። ዓሣ ገበያው መካከል፣ ድንጋዩ ከእሳቱ የጠቆረበት ቦታ ላይ ቆመ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ካባው ተበጣጥሷል። ብዙዎቻችሁ አላወቃችሁትም። እሱም በዩታ ቋንቋ ተናገረ።

"በላቲን ያልኩትን ለላቲን እተወዋለሁ። በቋንቋችሁ የምላችሁ ይኸው ነው። መጽሐፉ የእኔ ነው። በውስጡ ያለው እውነት ነው። ካድኩት እንጂ ውሸት አልነበረም።"

ምን አላችሁ? ልንገራችሁ? "ትናንት ካደ፣ ዛሬ አመነ፣ ነገ ደግሞ ምን ሊል ነው?" አላችሁ። "ለምጻሞቹ አሳብደውት ነው" አላችሁ። አንዱ የጎመን ግንድ ወረወረ። ለምን እንደካደ ያኔም አልተናገረም። ሊናገር ይችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እኅቶቼ ግን በየሰው ደጃፍ ተጠግተው ነበርና፣ "የእናንተ ጦስ ነው" ተብለው እንዳይባረሩ ብሎ ዋጠው። ዲሙት ብቻ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። ከዚያ መጡና ወሰዱት።

ክረምቱን ሙሉ በገዳሙ ምድር ቤት አሰሩት። እሳት የለም። ይጠብቀው የነበረው አዛውንቱ ወንድም ቬንደሊን ነው። ቬንደሊን እዚህ አልመጣም፤ ከመጣ ይቀጣል። ያለውን ግን ነግሮኛል። ወንዙ በረዶ ሆኖ የከረመበት ክረምት ነው፣ ታስታውሳላችሁ። የመጨረሻው ቀን ቬንደሊን ውሃ ሲያቀምሰው ዓይኑን ገለጠና "በረዶው ቀለጠ?" አለው።

"ቀልጧል፤ ጀልባዎች ወጥተዋል።"

"ተመስገን። እንግዲህ ዲሙት ዓሣ ታገኛለች" አለ።

የመጨረሻ ቃሉን የሚጠብቁ፣ የሚጽፉም ነበሩ። ስለ ነፍስ፣ ስለ ሥላሴ፣ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ይል ይሆናል ብለው አስበው ነበር። ያላቸው ይህን ነው። አልጻፉትም።

ካባውን አወለቁና በውስጥ ልብሱ በኋላ በር በኩል አውጥተው ሰጡን። የማኅበሩን ልብስ ለብሶ መቀበር አይገባውም አሉ። ዲሙት የገበያ ጋሪዋን አመጣች። አጠብነው። የእግሩ ጣቶች ጠቁረው ነበር። ብዙ ሬሳ አጥቤያለሁ፤ ቅዝቃዜ የበላው እግር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዘንድሮ ቅዝቃዜው ክፉ ነው ብሎ ያዘነለት ዳኛ አልነበረም።

አሁን ትጠይቁኝ ይሆናል። መጽሐፉ ሁሉ አልቋል ወይ? አልመልስላችሁም። ጌቶች እየሰሙ ነው። ይህን ብቻ ልበላችሁ፤ እኛ ፈታዮች ነን፣ እጃችን ሥራ መፍታት አይወድም።

እናንተ አጥሩ ጋ የቆማችሁ፣ ሄዳችሁ ንገሩ። ኢርመንጋርት እንዲህ አለች በሉ። ለእኔ ከእንግዲህ ምን ትዘጉብኛላችሁ? ቤት የለኝም። ነገ ጠዋት እኅቶቼ ይበተናሉ። አንዷ ወደ ወንድሟ፣ አንዷ ወደ ሰው ቤት ገረድነት፣ ሌላዋ ወደ የትም። እኔ ወንዙን ተሻግሬ ማንጎልድ ዘንድ እሄዳለሁ። ቁስል የሚያጥብ ሰው ጎድሏቸዋል።

ኤበርቪን፣ ወንድሜ።

ይቅርታ አልጠይቅልህም፤ እነዚህ ሰዎች የየራሳቸውን ይጠይቁህ። ድንጋይ አናቆምልህም፤ ስምህን ካዩ ይቆፍሩሃል። ደወልም የለንም። ያለን ድምፃችን ነው፤ እሱም ጎርነን ብሏል። ብዙ ጠየቁህ፤ ሳይጠይቁህም አንተን ሆነው ብዙ መለሱልህ። እንግዲህ ማንም በር አንኳኩቶ አይቀሰቅስህም። ማንም ያልከውን ቆርጦ መልሶ አያነብብብህም።

በሉ እናንተ፣ ቅረቡ። አካፋ የለም ብያችኋለሁ፤ በእጃችሁ ነው። መሬቱ ገና ጠንካራ ነው፣ ጣታችሁን ያማችኋል። ይመማችሁ። ሃርትሙት፣ አንተ ከራስጌው ጀምር። ዲሙት፣ ነይ።

ደህና ሁን ኤበርቪን። ቀስ ብለህ ሂድ። ብቻህን ብዙ መንገድ ሄደሃል፤ ዛሬ ግን እስክትሸፈን ድረስ ማናችንም ከዚህ አንነቃነቅም።